ባለ ዕንቁ ጉትቻዋን ልጅ ኮፒ ስናደርግ

ባሕር ዳር ላይ የዘይት ቀለም ለሚጀምሩ የማሠራቸው ሥዕል አንድ ነው፤ ሆላንዳዊው ቬርሜር በ1665 ዓ.ም. ገደማ (በፈረንጆቹ) የሣላት ባለ ዕንቁ ጉትቻዋ ልጅ። አሁን ያለችው ዘ ሄግ ከተማ፣ ማውሪትሹይስ ሙዚየም ነው። ሰሞኑን ስለ እሷ ብዙ ጠይቃችሁኛል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የሰው ሥዕል ኮፒ ማድረግ ስርቆት አይሆንም?

አይሆንም። ሠዓሊው ከሞተ 350 ዓመት ሆኖታል። የራስህ ነው ብለህ ካልሸጥከው ማንንም አልሰረቅክም። ከጀርባው «ከቬርሜር የተቀዳ» ብለህ ስምህን ጻፍ። ዋናው 44.5 በ39 ሳንቲ ሜትር ነው። አንተ ከፍ አድርገህ 50 በ44 ሥራው፤ እጅህም ይፍታታል።

ጥያቄ፦ ፊቷን ስሠራው የዘጌ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ይመስልብኛል። ምን ላድርግ?

ይህን ጥያቄ ስለጠየቅሽ ደስ ብሎኛል። ዓይናችን ያደገው በመስመር ነው። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግቢና ግድግዳውን እዪ። ፊቱ፣ አፍንጫው፣ ቅንድቡ በጥቁር መስመር ተለይቷል። ጻድቁ በሁለት ዓይን ሙሉ ፊቱን ያሳያል፣ ክፉው በጎን በአንድ ዓይን። ያ ራሱን የቻለ ትልቅ ጥበብ ነው፤ እንዳትንቂው።

የቬርሜር መንገድ ግን ሌላ ነው። አፍንጫዋን ቀረብ ብለሽ እዪ። ብርሃን በመታው በኩል አፍንጫዋና ጉንጯ አንድ ቀለም ናቸው። የሚለያቸው መስመር የለም። አፍንጫው ግን ይታይሻል! ስለዚህ እርሳሱን ቶሎ አስቀምጪው። ዓይንሽን ጠበብ አድርገሽ እዪና ጨለማው የቱ ጋ እንደሚያልቅ ብቻ ፈልጊ። ከዚያ ሙሉውን ሥዕል በቡናማና በነጭ ብቻ ሥሪው። ሌላ ቀለም አትንኪ። አንድ ሳምንት ቢፈጅብሽም ግድ የለም። ብርሃንና ጥላው ልክ ከሆነ ቀለሙ በኋላ ራሱ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ዕንቁውን አምስቴ አበላሸሁት።

ዕንቁ ልትሥል ስለፈለግክ ነው። እዚያ ያለው ከላይ በግራ አንድ ወፍራም ነጭ ጠብታ፣ ከታች ደግሞ የነጭ ኮሌታዋ ደብዛዛ ነጸብራቅ ነው። ሌላው ከአንገቷ ጥላ ጋር ተዋህዷል። ማንጠልጠያ እንኳ የላትም። ሁለቱን አስቀምጥና ብሩሽህን አንሣ።

ጥያቄ፦ የምግብ ዘይት ይሆናል እንዴ? ቀለሙ ውድ ሆነብኝ።

እባክህ እንዳታደርገው። የፓልም ዘይት መቼም አይደርቅም። የሚደርቀው የተልባ ዘይት ነው፤ እሱም ለሥዕል የተጣራው። የመጀመሪያውን ንብርብር በተርፐንታይን አቅጥነው፣ ዘይቱን ወደ ላይኞቹ ጨምር። ከተገላበጠ ከላይ ያለው ቀድሞ ደርቆ ይሰነጠቃል። ሸራ ከጠፋ በኮላና በጄሶ የተቀባ አቡጀዲም ለልምምድ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ ልሥራ? ልጆች አሉኝ።

ይችላሉ፣ መስኮቱን ከፍተው። አንድ ነገር ግን አደራ። ብሩሽ የጠረጉበትን፣ የተልባ ዘይት የነካውን ጨርቅ ጠቅልለው ጥግ ላይ አይወርውሩት። ዘይቱ ሲደርቅ ይሞቃል፤ ጨርቁ ማንም ሳይነካው ሊነድ ይችላል። ደጅ ዘርግተው ያድርቁት፣ ወይም ውኃ በሞላው ጣሳ ነክረው ይክደኑት።