ለጎርጎራው ጀልባ የትኛው ዘይት ፊልትሮ ይሻላል?

ጥያቄውን ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ወንድማችን ጎርጎራ ላይ ሰውና ዕቃ የሚያመላልስ ጀልባ አለው። ሞተሩ ከጀልባው ሆድ ውስጥ የተቀመጠ ፐርኪንስ 4.236 ናፍጣ ነው። የድሮው ዘይት ፊልትሮ ዝጎ ጽሑፉ አይነበብም። ጎንደር ሲመጣ ሦስት ምርጫ ቀረበለት፤ አንዱ የትራክተር፣ አንዱ የቶዮታ፣ አንዱ ደግሞ ከአዲስ አበባ ታዞ የሚመጣ «የጀልባ» የተባለ ውድ ፊልትሮ። «ሦስቱም ይገጥማሉ ተብያለሁ፣ የትኛውን ልግዛ?» ነው ያለው።

ወንድሜ፣ የትራክተሩን ግዛ። ግን ዓይንህን ጨፍነህ አይደለም።

እኔ አዘዞ ትራክተርና የጭነት መኪና እሠራለሁ። ሲጠሩኝ በቆላ ድባ በኩል ጎርጎራ ወርጄ የጀልባ ሞተርም አያለሁ። ያንተው 4.236 ማሲ ፈርጉሰን ትራክተሮች ላይ የተገጠመው ሞተር ነው፤ 4 ሲሊንደር፣ ወደ 3.9 ሊትር። ጀልባ ውስጥ ሲገባ በዋናነት የሚለወጠው ማቀዝቀዣውና የጭስ መውጫው ነው። ዘይቱ የሚዞርበት መንገድ ያው ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ለትራክተሩ 4.236 በትክክል የተሠራ ጥሩ ፊልትሮ ላንተም ይሆናል። «የጀልባ» ለሚባለው የምትከፍለው ትርፍ ገንዘብ ብዙውን ጊዜ ዝገት ለሚከላከል ቀለም ነው። ባሕር ላይ ጨው ስላለ ቀለሙ ዋጋ አለው። የጣና ውኃ ግን ጨው የለውም። ገንዘቡን አስቀምጥና ፊልትሮውን ቶሎ ቶሎ ቀይርበት።

ከእኔ በፊት «ፊልትሮው የሚጠመዘዝበት ጥርስ ከያዘ ይበቃል» ብላችሁ የመለሳችሁለት ወንድሞች አትቆጡኝና፣ አይበቃም። እንዲያውም አደጋው ያለው እዚያ ላይ ነው።

ብዙዎቹ 4.236 ሞተሮች ላይ ያለው ጥርስ በኢንች የሚለካ ነው፤ ሦስት አራተኛ ኢንች፣ በኢንች 16 ጥርስ። ውፍረቱ 19 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ገበያው ውስጥ ደግሞ ባለ 20 ሚሊ ሜትር፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ 1.5 ሚሊ የሆነ ፊልትሮ ሞልቷል። ሁለቱ ለዓይን አንድ ናቸው። የ20 ሚሊውን ፊልትሮ ባለ ኢንቹ ቡሎን ላይ ስትጠመዝዘው ይገባል። ትንሽ ይላወሳል፣ ከዚያ አፉ ዙሪያ ያለው ማሸጊያ ጎማ የሞተሩን ብረት ሲነካ ጥብቅ ይላል። ሻጩም «ይኸው ገጠመ» ይልሃል። ጥርሱ ግን የያዘው ጫፍ ጫፉን ብቻ ነው። ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ዘይቱ ቀዝቃዛና ወፍራም ነው፣ ግፊቱ ከፍ ይላል። ያኔ ፊልትሮው ሊፈናጠር ይችላል። ዘይቱ በአጭር ጊዜ ውስጥ ጀልባው ወለል ላይ ያልቃል። ትራክተር ቢሆን ማሳ ላይ ይቆማል፤ አንተ ግን ሰው ጭነህ ውኃ መሃል ነህ።

መፍትሔው ቀላል ነው። አዲሱን ፊልትሮ ጎማው ብረቱን ሳይነካ፣ በመንገዱ ግማሽ ላይ አቁመውና ወዲህ ወዲያ ነቅንቀው። ከተንገዳገደ ለሻጩ መልሰው። ካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) ያለው መካኒክ ካገኘህማ የቡሎኑን ውፍረት አስለካ።

የቶዮታውስ? ብዙ የቶዮታ ፊልትሮ ጥርሱ በትክክል ያው የኢንች ጥርስ ነው፤ ሰው የሚሳሳተውም ለዚህ ነው። ግን ጎማው የሚያርፍበት ክብ ሊጠብብ ይችላል። ጎማው ሙሉ በሙሉ የተስተካከለው ብረት ላይ ካላረፈ ዛሬ ባያፈስ ነገ ያፈሳል። ደግሞም ትንሽ ነው። ትንሽ ፊልትሮ ውስጥ ያለው ወረቀትም ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይደፈናል። ሲደፈን ሞተሩ ዘይት እንዳያጣ ማለፊያ ቫልቩ ይከፈትና ያልተጣራው ዘይት ቀጥ ብሎ ወደ ሞተሩ ይሄዳል። ፊልትሮ አለህ፣ ግን የለህም። ይህ ቫልቭ አንዳንድ ሞተር ላይ ከብሎኩ፣ ማለትም ከሞተሩ ዋና አካል በኩል ነው፣ አንዳንዱ ላይ ፊልትሮው ውስጥ ነው። የሚከፈትበትም ግፊት ይለያያል። ለዚህ ነው ሳጥኑ ላይ ወይም የፋብሪካው ካታሎግ ላይ የሞተሩ ስም ተጽፎ እንዲታይ የምለው። የሻጭ ቃል ብቻውን አይበቃም።

ጀልባ ላይ ከትራክተር የበለጠ የማየው አንድ ነገር አለ። ፊልትሮውን አፉን ወደ ላይ አድርገህ ስታየው ዳር ዳር ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ከሥራቸው አንድ ስስ ጎማ አለ። ሥራው ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ ወደ ታች እንዳይመለስ መያዝ ነው። ፊልትሮህ አፉ ወደ ላይ ሆኖ ቀጥ ብሎ ከተንጠለጠለ ብዙም አያሳስብም። ጀልባ ውስጥ ቦታ ስለሚጠብ ግን አንዳንዴ አጋድመው ወይም ገልብጠው ይገጥሙታል። ጀልባው ለቀናት ቆሞ ሲነሳ ፊልትሮው ባዶ ከሆነ ሞተሩ ለተወሰኑ ሰከንዶች ያለ ዘይት ይዞራል። የግፊት መብራቱ ለመጥፋት ሲዘገይ የምታየው ይህን ነው። ጎማውን በቀጭን እንጨት ነካ አድርገው፤ ለስላሳና ተመላሽ መሆን አለበት። መደርደሪያ ላይ ዓመታት ቆይቶ የደረቀ ፊልትሮ እኛ ገበያ ውስጥ ብርቅ አይደለም። ከሲሊኮን የተሠራው ጎማ ሙቀትን ይበልጥ ይችላል፤ ካገኘህ እሱን ምረጥ።

አገጣጠሙ ላይ ብዙ አልልም። የድሮውን ስትፈታ ፌስታል አልብሰው፤ ጀልባው ወለል ላይ የፈሰሰ ዘይት በፖምፓ ተጠርጎ ሐይቁ ውስጥ ነው የሚገባው። የድሮው ጎማ ብረቱ ላይ ተጣብቆ አለመቅረቱን በእጅህ ዳስስ፤ ጎማ በጎማ ላይ ከገባ ዘይቱን ይተፋዋል። አዲሱን ጎማ ዘይት ቀባው። ከነካ በኋላ በእጅ ሦስት አራተኛ ዙር ያህል አጥብቅ። ቁልፍ አታስነካው።

መቼ ልቀይር ለሚለው፣ የሞተሩ መጽሐፍ የሚለውን የሥራ ሰዓት መነሻ አድርግ፤ ግን እኔ ጣና ላይ አሳጥረዋለሁ። ሐይቁ ከባሕር ወለል ወደ 1,800 ሜትር ይጠጋል። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ) የሌለው ናፍጣ ሞተር የናፍጣ ፓምፑ ካልተስተካከለ ይጨሳል፤ ጥላሸቱም ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ እንቦጩ የማቀዝቀዣ ውኃ መሳቢያውን ይዘጋል። አንዴ የጋለ ሞተር ዘይቱን ያቃጥላል። ከዚያ በኋላ ሰዓቱን አትቁጠር፣ ዘይቱንም ፊልትሮውንም ቀይር።

የድሮውን ሳትጥለው ቆርጠህ ክፈተው። ወረቀቱን ዘርግተህ በፀሐይ እየው። የሚያብረቀርቅ የነሐስ ወይም የእርሳስ ብናኝ ካለ ኩሽኔቶቹ እየሄዱ ነው። ዘይቱ ቡና በወተት ከመሰለ ደግሞ ውኃ ገብቷል ማለት ነው፤ ምናልባት ከዘይት ማቀዝቀዣው። ይህን የትኛውም ፊልትሮ አያድንህም፣ ጀልባውን አታስነሳ።

አንድ ነገር ግን ሳታጣራ ገንዘብ እንዳታወጣ። የድሮዎቹ 4.236 ላይ ፊልትሮው የሚጠመዘዝ ጣሳ አይደለም፤ ጣሳው በመሃል ቡሎን ተይዞ ይቀራል፣ የሚቀየረው ውስጡ ያለው ወረቀትና ከላይ ጎድጓዳው ውስጥ የተቀመጠው ጎማ ነው። ያንተ እንዲያ ከሆነ የምትገዛው ሌላ ዕቃ ነው። ጎማው ደግሞ በመርፌ ተቆፍሮ ካልወጣ አይታይም። ፊልትሮው የተገጠመበትን ጎንና ብሎኩ ላይ የተመታውን ቁጥር ፎቶ አንስተህ ለጥፍልን፤ የቁጥሩ መጀመሪያ ላይ ያሉት ፊደላት የትኛው ሞተር እንደሆነ ይናገራሉ።