ወንጌላዊ የሚባለው ማን ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ ከብሎካችን ሥር ጀበና ቡና እሸጣለሁ። ፕሮቴስታንት ጎረቤቴ የቤተ ክርስቲያናቸውን አገልጋይ «ወንጌላዊ» ብላ ነው የምትጠራው። እኔ ወንጌላዊ ሲባል የማውቀው አራቱን ብቻ ነው። ማናችን ነን ልክ? ደግሞ ደንበኞቼ ቡና እየጠጡ ስለ ጾሙ፣ ስለ በዓሉ ይጠይቁኛል። ትምህርት ያቆምኩት ከስምንተኛ ክፍል ነው። ተሳስቼ እንዳላሳስታቸው እፈራለሁ። ዝም ብል አይሻልም?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ እኅቴ። በስሙ ነገር ሁለታችሁም ልክ ናችሁ።

ወንጌል ከግሪክ የመጣ ቃል ነው፤ የምሥራች ማለት ነው። እኛ ዘንድ ወንጌላዊ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚሉን ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስና ዮሐንስ ናቸው። የምሥራቹን ጽፈው ያቆዩልን እነሱ ናቸውና። ዘመኑን እንኳ በስማቸው እንጠራለን። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ደንበኛ ቢጠይቅሽ እዚያው ታሳዪዋለሽ። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሪና ለ4 አካፍዪ። 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ከተረፈ ማርቆስ፣ 3 ከተረፈ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። 2018 ላይ 5500 ሲደመር 7518 ይሆናል፤ ለ4 ሲካፈል 2 ይተርፋል። ዘመነ ማርቆስ ማለት ነው። ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆነው ደግሞ በዘመነ ሉቃስ ነው።

ጎረቤትሽም ከመሬት ተነሥታ አይደለም። የሐዋርያት ሥራ 21፥8 ፊልጶስን «ወንጌላዊው» ይለዋል። ፊልጶስ ወንጌል አልጻፈም፤ ሰበከ እንጂ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ይህን አገልግሎት የያዘውን ሰባኬ ወንጌል እንለዋለን።

ይህን ፊልጶስን ግን በደንብ እንድታውቂው እፈልጋለሁ። መጀመሪያ የተመረጠው ለማዕድ አገልግሎት ነበር። በኢየሩሳሌም መበለቶች በየዕለቱ ምግብ ሲታደል ቸል ተብለው ነበርና ሰባት ሰዎች ተሾሙ፤ አንዱ እሱ ነው። በኋላ ወደ ጋዛ በሚወስደው መንገድ ላይ የእኛን አገር ጃንደረባ አገኘ። ጃንደረባው ሠረገላ ላይ ተቀምጦ ኢሳይያስን ያነባል። ፊልጶስ ሮጦ ደረሰበት። ቆሞ አልጮኸበትም። «የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ብሎ ጠየቀው። ሰውየውም የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ይቻለኛል አለውና ወጥቶ አብሮት እንዲቀመጥ ለመነው። ፊልጶስ አጠገቡ ተቀመጠ። ያስተማረውም ሰውየው ካነበበው ቦታ ጀምሮ ነው። እኔ ይህን ክፍል ባነበብኩ ቁጥር ልቤን የሚነካው ያ አብሮ መቀመጡ ነው። ዛሬ ብዙዎቻችን ድምፅ ማጉያ እንይዛለን፤ ሰው ምን እንደጨነቀው ሳንጠይቅ እንጀምራለን። ያሳዝነኛል።

አንቺ ዘንድ ሰዉ ራሱ መጥቶ በርጩማ ላይ ይቀመጣል፤ ራሱ ይጠይቃል። ታዲያ ለምን ዝም ትያለሽ? በዐውደ ምሕረት ቆሞ ማስተማር ሥርዓት አለው፤ የተመደበለት ሰው ይሠራዋል። የምታውቂውን ለጠየቀሽ መንገር ግን ማንም አይከለክልሽም። ሳምራዊቷ ሴት እንስራዋን ጥላ ወደ ከተማ ሄዳ «ኑና እዩ» ነው ያለችው። ጌታ መነሣቱን ለደቀ መዛሙርቱ እንድትነግር የተላከችው መግደላዊት ማርያም ናት። የማታውቂውን ሲጠይቁሽ «አላውቅም፣ ጠይቄ እነግርሃለሁ» በይ። ይህ አያሳፍርም። ገምቶ መመለስ ነው አደጋው።

መሳሳትን ከፈራሽ ማርቆስን አስቢ። ከጳውሎስና ከበርናባስ ጋር ወጥቶ መንገድ ላይ ተለይቷቸው ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሰ። ጳውሎስ ለሁለተኛው ጉዞ አልወስደውም አለ፤ በዚሁ ሰበብ ከበርናባስ ጋር ተለያዩ። ያው ጳውሎስ ግን በመጨረሻ ታስሮ ሳለ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ማርቆስን ይዘኸው ና፣ ለአገልግሎት ብዙ ይጠቅመኛል አለ። ዘመኑን በስሙ የምንጠራው ይህ ማርቆስ ነው።

ደንበኞችሽ የጠየቁሽንና ያልመለስሽውን በወረቀት ጻፊው። ረቡዕ ከሠርክ ጉባኤ በኋላ ይዘሽው ነይ፤ የጾሙን እናስቀድማለን።