የከለከልኩት የአንድ ቀን ፈቃድ

ልጆቼ፣

በቀደም ደብረ ማርቆስ ላይ ከወጣት ነርሶች ጋር ስንጨዋወት አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «በፍርድ ቤት ትእዛዝ የተኛ ታካሚ አለን፤ የእናቱ ተዝካር ደርሷል። ታጅቦ ለአንድ ቀን ይሂድ ብንልና ሰው ቢጎዳ ማን ይጠየቃል?» አለችኝ። እዚያው የመለስኩላት መልስ ለራሴም አልጣመኝም። ማታ እንቅልፍ እንቢ አለኝ፤ አንድ የሞጣ አካባቢ ገበሬ ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

ይህ ሰው ሕመሙ በበረታበት ጊዜ «መርዝ አበላኝ» ብሎ ጎረቤቱን በመጥረቢያ ገድሏል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 48 በአእምሮ ሕመም የተነሣ የሚያደርገውን መረዳት ወይም ራሱን መግዛት ያልቻለ ሰው አይቀጣም ስለሚል፣ ፍርድ ቤቱ እንዲታከም ወደ እኛ ሆስፒታል ላከው። እኔ የክፍሉ ኃላፊ ነርስ ነበርኩ። በወር አንዴ ፍሉፌናዚን የሚባል የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ይወጋል፣ የግቢውን ጎመን ይኮተኩታል። በአራት ዓመት ውስጥ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ አልሰማሁም።

እናቱ በየዓመቱ መስቀል ሲያልፍ ይመጡ ነበር። ዳቦ ቆሎ በነጭ ጨርቅ ቋጥረው፣ ቋጠሮውን በጥርሳቸው ሲፈቱ አሁንም ይታየኛል። መጀመሪያ ለእኔ ይዘግናሉ፣ ቀጥሎ ለዘበኛው፤ ልጃቸው መጨረሻ ነው። በርበሬ የበዛበት ነበር፣ ልክ እንደ እናቴ። «አፈር ስሆን፣ አንተው አብረኸው ሂድና ደጁን አሳየው። ስትሄዱ ታያለህ» ይሉኝ ነበር።

ሦስት ጊዜ ከለከልኩ። ሐኪሙ የእኔን አስተያየት ይጠብቅ ነበርና እምቢታዬ ውሳኔ ሆነ። መዝገቡ ላይ «ለኅብረተሰቡ ደህንነት ሲባል» ብዬ ጻፍኩ። እውነቱ ግን ለእንጀራዬ ፈርቼ ነው። ደግሞም እናት ለልጇ ትዋሻለችና የቤተሰብን ቃል እንዳለ አትቀበሉ፤ ይህን ዛሬም እላችኋለሁ።

በአራተኛው ዓመት ሐኪሞቹ ተሽሎታል ብለው ጻፉ፣ ፍርድ ቤቱም ለቀቀው። እኔም ደግፌ ፈርሜያለሁ። ከእኔ ጋር ለአንድ ቀን እንዲወጣ ያላመንኩትን ሰው ብቻውን አውቶቡስ ላይ አሳፈርኩት።

በስምንተኛው ወር እኅቱን በዱላ መትቶ ክንዷን ሰበረ። ስሰማ ራሴ ሄድኩ። የቤቱ በር ከሟች በር ፊት ለፊት ነው፤ በመካከል የቁልቋል አጥር ብቻ አለ። ደሙ አልደረቀም፣ ሽማግሌ አልገባበትም፤ የሟች ወንድም ጠዋትና ማታ አጥሩ ሥር ቆሞ ያየዋል። መርፌው ያለበት ጤና ጣቢያ በእግር ግማሽ ቀን ያስኬዳል፣ ክረምት ደግሞ ወንዙ ሲሞላ አይደረስበትም። ካርዱን ገለጥኩ፤ የሐምሌና የነሐሴ መርፌ አልተወጋም። እናቱ የእጅ ውኃ እያስታጠቡኝ «ታያለህ ብዬህ ነበር» አሉኝ። ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ሰውየውም ተመልሶ ሆስፒታል ተኛ።

እንግሊዝ አገር ፍርድ ቤት ገደብ የጣለበትን ታካሚ ሐኪም ብቻውን ወስኖ ከሆስፒታሉ ግቢ አያስወጣውም፤ የፍትሕ ሚኒስትሩ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱም በደረጃ ነው፦ መጀመሪያ ከአጃቢ ጋር፣ ቀጥሎ ብቻውን ለሰዓታት፣ ከዚያ አዳር። እኔ ዘልዬ ያለፍኩት ይህንን መሰላል ነው። ብዙ ሰው እንደሚፈራው ደግሞ የወጣ ሁሉ ወደ ወንጀል አይመለስም። በ1966 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የእስር ጊዜው ካበቃ በኋላም በጥብቅ ሆስፒታል ተይዞ በቆየው በባክስትሮም ጉዳይ ከወሰነ በኋላ፣ አደገኛ ተብለው በኒው ዮርክ ጥብቅ ሆስፒታሎች የተዘጋባቸው ከ960 በላይ ሰዎች ወደ ተራ ሆስፒታሎች ተዛወሩ። በአራት ዓመት ውስጥ ወደ ጥብቁ የተመለሱት ከመቶ 3 አይሞሉም።

እናንተ የዛሬ ልጆች ከእኛ ይልቅ ተምራችኋል፤ ግን ስልካችሁ ላይ ባለ የአደገኝነት መመዘኛ ነጥብ ደምራችሁ ሰውን ያወቃችሁት ይመስላችኋል። መመዘኛው ይጠቅማል፤ ሰውየው የሚመለስበትን ደጃፍ ሳታዩ ግን ነጥብ አትስጡ። የታካሚ ዝምታም አያታልላችሁ፤ ክፍል ውስጥ ጠላ የለም፣ ደመኛም የለም።

አንቺ የጠየቅሽኝ ልጅ፣ ውሰጂው። ቀድመሽ ግን ለአካባቢው ሽማግሌዎች ላኪና ደሙ ታርቆ እንደሆነ፣ የሟች ወገን ተዝካሩ ላይ ይኖር እንደሆነ ጠይቂ። መርፌው ያልዘገየ ይሁን፤ አጃቢው ሁለት ይሁን፤ ጠላው ሳይደራ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመለሱ። ስትመለሺ «በሰላም ተመለሰ» ብለሽ ብቻ መዝገቡን አትዝጊ። ማን ሰላም እንዳለው፣ ማን ፊቱን እንዳዞረበት፣ ጤና ጣቢያው በስንት ሰዓት እንደሚደረስ ጻፊው። ቀኑ ሲቆረጥ ደውዪልኝ፤ ጉልበቴ ከፈቀደ አብሬሽ እሄዳለሁ።