ኢንተርቪው ላይ ለሚደነግጥ ልብ፦ ከቡድሃ ምክር ለሥራ ፈላጊ የሚሆነው

ጥያቄ፦ «በአካውንቲንግ ከተመረቅሁ ዓመት አልፎኛል። ሲቪዬን ያላስገባሁበት ቦታ የለም። ጠዋት ስነቃ መጀመሪያ የማየው ስልኬን ነው፤ ቴሌግራም ላይ የሥራ ማስታወቂያ፣ ከዚያ ኢሜይል፣ ከዚያ ተመልሼ ቴሌግራም። ሦስት ጊዜ ለኢንተርቪው ተጠርቼ ሦስቱም ላይ የማውቀው ሁሉ ጠፍቶብኝ ወጣሁ። ጓደኛዬ የቡድሂስቶች ሜዲቴሽን ይረዳሻል፣ የአሥር ቀን የዝምታ ኮርስም አለ አለችኝ። ኦርቶዶክስ ነኝና ሃይማኖቴን እንዳይነካብኝ ፈራሁ። በኢንተርኔት የማይንድፉልነስ (አሁን ያለውን ልብ ብሎ የማየት ልምምድ) አሠልጣኝነት ሰርተፍኬት ወስጄስ በዚያ መተዳደር እችላለሁ? አሁን በእጄ ያለው አንድ ዕድል የስፖርት ውርርድ ቤት ገንዘብ ያዥነት ነው፤ እሱንም ልያዝ ወይስ ይቅር?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ አጥብቆ የያዘሽ ኢንተርቪው ላይ የሚጠፋብሽ ነገር ስለሆነ ከዚያ ልጀምር።

ቡድሃ ካስተማራቸው ትምህርቶች በአንዱ ውስጥ በቀስት የተወጋ ሰው አለ። ቀስቱ ያመዋል፤ ሕመሙን ማንም አያስቀርለትም። ያልሠለጠነ ሰው ግን በላዩ ሁለተኛ ቀስት ይጨመርበታል፤ ያዝናል፣ ያማርራል፣ ደረቱን ይደቃል። የሠለጠነው የሚሰማው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ይህን ወደ ኢንተርቪው ክፍል እናምጣው። ጠያቂው «የባንኩ ስቴትመንትና የእኛ መዝገብ ባይገጥሙ ከየት ትጀምሪያለሽ?» ይልሻል። መልሱን ታውቂዋለሽ፤ ያልተመነዘሩ ቼኮች፣ ገቢ ተደርጎ ባንኩ ገና ያልመዘገበው ገንዘብ፣ ባንኩ የቆረጠው የአገልግሎት ክፍያ። ለአምስት ሰከንድ ያህል ግን አልመጣልሽም። የመጀመሪያው ቀስት ይኸው ነው፣ በማንም ላይ ይደርሳል። ወዲያው «አለቀልኝ፣ ይሄም ቀረ፣ እቤት ምን እላለሁ» የሚለው ይከተላል። አእምሮ በአንድ ጊዜ መያዝ የሚችለው ጥቂት ነገር ነው። ያንን ቦታ ጭንቀቱ ሲወስደው ቼኩም ክፍያውም መግቢያ ያጣሉ። ስለዚህ ያወቅሽው አልጠፋም፣ መቀመጫውን ነው የተቀማው።

ሁለተኛውን ቀስት ለይቶ ማየት በወረቀት ይለመዳል። ደብተር ውሰጂና ገጹን በመስመር ለሁለት ክፈይው። በግራ በኩል የሆነውን ብቻ ጻፊ፣ አጠገብሽ የነበረ ሰው ሊመሰክር የሚችለውን። በቀኝ በኩል አንቺ የጨመርሽበትን። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግራው ላይ ነው፤ «ጠያቂው ናቀኝ» ብሎ እዚያ ይጽፋል። እሱ የቀኙ ነው። የግራው «ስመልስ ስልኩን አየ» ነው። ከሦስቱ ኢንተርቪዎች ያስታወስሽውን ሁሉ እንዲህ አድርገሽ ብትጽፊ፣ ግራው አጭር፣ ቀኙ ረጅም ሆኖ ታገኚዋለሽ። የሚሠራ ሥራ የሚወጣው ደግሞ ከግራው ነው። «የሪኮንሲሊዬሽን (የባንኩን ስቴትመንትና መዝገቡን የማስታረቅ) ጥያቄ ላይ ቆምኩ» ካለ፣ ማታውን ሁለት የሪኮንሲሊዬሽን መልመጃ ትሠሪያለሽ። «እኔ ለዚህ አልሆንም» ከሚለው ግን ምንም የቤት ሥራ አይወጣም።

ከወረቀቱ ጎን ለጎን መቀመጥ ያስፈልጋል። ለመጀመሪያው ሁለት ሳምንት በቀን አሥር ደቂቃ ይበቃል። አልጋ ላይ ሳይሆን ወንበር ላይ፣ እግርሽ መሬት ረግጦ፣ ጀርባሽ ድጋፉን ሳይነካ ቀና ብሎ። ስልኩን አውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጊና ደወሉን ሙዪ። ትኩረትሽን አየር በአፍንጫሽ ቀዳዳ ሲገባና ሲወጣ በሚነካው ቦታ ላይ አድርጊ። ሐሳብሽ ይሄዳል፤ መሄዱን ባወቅሽ ጊዜ «ሐሳብ» በዪና ተመለሺ። አብዛኛው ሰው በሦስተኛው ቀን የሚያቆመው አእምሮው ባዶ አልሆን ስላለው ነው። ባዶ እንዲሆን የጠየቀው ግን የለም። ልምምዱ መመለሱ ነው፤ ሐሳብሽ ሃያ ጊዜ ሄዶ ሃያ ጊዜ ከመለስሽው ጥሩ ሠርተሻል። ትንፋሹን አታስረዝሚው፣ አታጥልቂው፤ በግድ ሲተነፍሱ ራስ ያዞራል። እንቅልፍ ካስቸገረሽ ፊትሽን ታጥበሽ፣ ዓይንሽን በከፊል ከፍተሽ ተቀመጪ። ትንፋሽሽን መከተል ደረትሽን የሚያጠብቅብሽ ከሆነ ትኩረትሽን ወደ እግርሽ መዳፍ ወይም ከውጭ ወደሚመጣው ድምፅ አዙሪው። የቆየ ክፉ ትዝታ እየመጣ እንቅልፍ የሚነሳሽ ከሆነ ግን አቁሚና የአእምሮ ጤና ባለሙያ አነጋግሪ፤ በአንዳንድ ሰው ላይ ይህ ይደርሳል፣ ታግሎ መቀጠልም አይመከርም። ደህና ከሄደልሽ በሦስተኛው ሳምንት ሃያ ደቂቃ አድርጊው። የኢንተርቪው ቀን ጠዋት የሚጀመር ነገር አይደለም፤ በሰላሙ ቀን ያልተለመደ በድንጋጤው ቀን አይመጣም።

ለኢንተርቪው ቀን የሚሆን ሌላ አጭር ልምምድ አለ። ዚንደል ሲጋል፣ ማርክ ዊሊያምስና ጆን ቲስዴል የመንፈስ ጭንቀት (ዲፕሬሽን) ተመልሶ እንዳይመጣ ባዘጋጁት ሕክምና ውስጥ የሚሰጥ የሦስት ደቂቃ ልምምድ ነው። በመጀመሪያው ደቂቃ አሁን ምን እንዳለ ታያለሽ፤ ምን እያሰብሽ ነው፣ ምን ይሰማሻል፣ ሰውነትሽ የት ጋ ተወጥሯል? በሁለተኛው ትንፋሽሽን ብቻ ትከተያለሽ። በሦስተኛው ትኩረትሽን ወደ መላ ሰውነትሽ ታሰፊዋለሽ። ተራ እየጠበቅሽ ወንበሩ ላይ ሆነሽ ማንም ሳያውቅብሽ ትሠሪዋለሽ። ከገባሽ በኋላ መልሱ ከጠፋብሽ የእግርሽን መዳፍ መሬቱ ላይ ይሰማሽ፣ አንድ ጊዜ በቀስታ ወደ ውጭ ተንፍሺ፣ ከዚያ ጥያቄውን በራስሽ ቃል ደግመሽ ተናገሪ፦ «ልዩነቱ ከየት እንደመጣ እንዴት እፈልጋለሁ ነው፣ አይደል?» ጠያቂዎች ይህን እንደ ጥንቃቄ ነው የሚያዩት፤ ለሒሳብ ሠራተኛ ደግሞ ጥንቃቄ ነውር አይደለም። ጓደኛሽ አሥር ጥያቄ ይዛ እቤት ትጠይቅሽ፣ ቢያንስ ሦስቱ የማታውቂያቸው ይሁኑ። የምትለማመጂው መልሱን ብቻ አይደለም፣ ማቆሙን ጭምር ነው።

ስለ ስልኩ። በቡድሂዝም ትምህርት አንድ ነገር ሲነካን መጀመሪያ ደስ የሚል፣ የሚከፋ ወይም ከሁለቱም ያልሆነ ስሜት ይመጣል፤ ከስሜቱ ፍላጎት ይወለዳል፣ ከፍላጎቱ ሙጭጭ ማለት። ሰንሰለቱ የሚቋረጠው ስሜቱና ፍላጎቱ መካከል ላይ ነው። የአንቺ ቴሌግራም ልክ እዚያ ላይ ተቀምጧል። ስለዚህ ማስታወቂያ የምታዪበትን ሰዓት ወስኚ፤ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ግማሽ ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ግማሽ ሰዓት። የስልክ ጥሪ ድምፁ ክፍት ይሁን፤ ቀጣሪ ብዙ ጊዜ የሚደውለው ነው። የሌላውን ሁሉ ማሳወቂያ ዝጊ። በመሃል እጅሽ ወደ ስልኩ ሲሄድ ቆም በይና ጉጉቱ ሰውነትሽ ውስጥ የት እንዳለ እዪው። ይጨምራል፣ ይቆያል፣ ይቀንሳል። ሲቀንስ በዓይንሽ ማየት ከማንኛውም ምክር ይበልጣል።

ብዙ ሰው ቡድሃ የሰጠው ምክር ዓይን ጨፍኖ መቀመጥ ብቻ ይመስለዋል፤ እኔ ደግሞ ለሥራ ፈላጊ ከሁሉ የሚጠቅመው ሌላው ነው ባይ ነኝ። ዲጋጃኑ የተባለ የኮሊያ ጎሳ ሰው ወደ ቡድሃ መጥቶ «እኛ ልጆች የሞሉበት ቤት ያለን፣ ሽቶና ወርቅ የምንወድ ሰዎች ነን፤ ለእኛ ለዚህ ዓለም ኑሮ የሚበጀንን ንገረን» አለው። ቡድሃ ለዚህ ሕይወት አራት ነገር ቆጠረለት። አንደኛው በያዙት ሙያ፣ እርሻም ይሁን ንግድ ወይም የመንግሥት ሥራ፣ ብቁና ትጉህ መሆን ነው። ሁለተኛው በላብ ያገኙትን መጠበቅ፣ ሦስተኛው መልካም ባልንጀራ፣ አራተኛው ገቢና ወጪን አውቆ ሳይበትኑም ሳይሰስቱም መኖር። በአንቺ ቋንቋ ሲነገር፦ ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር በሰርተፍኬት ብቻ ሳይሆን በእጅሽ ማወቅ፣ በወር የምታወጪውን የትራንስፖርትና የፎቶኮፒ ገንዘብ መመዝገብ፣ ደግሞም ሥራ የያዙ ሁለት ሦስት የክፍል ጓደኞችሽን በየሳምንቱ ማግኘት። ሦስተኛውን አትናቂው። ክፍት ቦታ ማስታወቂያ ላይ ከመውጣቱ በፊት የሚሰማው እዚያ ነው፤ ከሥራ ፈት ጋር ብቻ ተቀምጦ «ያለ ዘመድ አይገኝም» እየተባባሉ መዋል ደግሞ ጉልበት ይጨርሳል።

የአሥር ቀኑ ኮርስ ኤስ.ኤን. ጎይንካ በዓለም ያስፋፋው ቪፓሳና የተባለ የቡድሂስት ሜዲቴሽን ኮርስ ይመስለኛል። ጎይንካ ትምህርቱን ያገኘው በርማ (የዛሬዋ ምያንማር) ውስጥ ከኡ ባ ኪን ነው፤ ኡ ባ ኪን ደግሞ በ1948 በርማ ነፃ ስትወጣ የአገሪቱ የመጀመሪያው ዋና አካውንታንት የሆነ፣ ሥራውን ሳይተው ሠራተኞቹን ሜዲቴሽን ያስተማረ ሰው ነው። የአንቺ ሙያ ሰው መሆኑን ብታውቂ ደስ ይልሻል ብዬ ነው። ኮርሱ ክፍያ የለውም። መነሻው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ነው፣ በቀን አሥር ሰዓት ያህል መቀመጥ አለ፣ ስልክና መጽሐፍ አይገባም። በአሁኑ ጊዜ አልመክርሽም። ቀጣሪ ሊደውልልሽ በሚችልበት ሰሞን አሥር ቀን ስልክ ማስረከብ አይሆንም፤ አሥር ደቂቃ ተቀምጦ ለማያውቅ ሰውም ይከብዳል።

ሃይማኖትን በተመለከተ በግልጽ ልንገርሽ። ኮርሱ ሲከፈት ተሳታፊው በቡድሃ፣ በትምህርቱና በተከታዮቹ ማኅበር መጠጊያ ማድረጉን የሚገልጽ ቃል ይላል፤ በአሥሩ ቀን የራሱን ጸሎትና ሥርዓት እንዲያቆምም ይጠየቃል። ይህን ሳታውቂ መግባት የለብሽም፤ ለንስሐ አባትሽ የምታቀርቢውም ይህንኑ ነው። ጆን ካባት ዚን በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ትምህርት ቤት የጀመረው የስምንት ሳምንት የማይንድፉልነስ ፕሮግራም ግን አምልኮም መጠጊያም የለበትም፤ ከላይ የነገርኩሽ ልምምድም እንዲሁ። ጸሎትሽን አይተካም፣ አያቋርጥምም።

በአሠልጣኝነት መተዳደርስ? በጥቂት ሰዓት ቪዲዮ የሚገኝ ሰርተፍኬት ገንዘብሽን አይገባውም። ደንበኛው መንገድ ረጅም ነው፦ መጀመሪያ የስምንት ሳምንቱን ፕሮግራም በተሳታፊነት መጨረስ፣ በየሳምንቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ትምህርት፣ በየቀኑ እስከ አርባ አምስት ደቂቃ የቤት ልምምድ፣ አንድ ሙሉ የዝምታ ቀን። ከዚያ የራስ ልምምድ ለዓመታት፣ የዝምታ ሱባኤ፣ የመምህርነት ሥልጠና፣ በሌላ መምህር ክትትል ሥር ማስተማር። ከሚያስተምሩት ብዙዎቹ በፊት ሐኪም፣ ነርስ፣ ሳይኮሎጂስት ወይም መምህር የነበሩ ናቸው፤ እንጀራቸው ከዚያ ሙያ ይመጣል። ለአንቺ አሁን ገቢ አይሆንም።

የውርርድ ቤቱ ነገር ከባድ ነው፤ የሚወስነውም የኪስሽ ሁኔታ ነው። ቡድሃ ለምእመን ያልተገቡ ብሎ የቆጠራቸው ንግዶች አምስት ናቸው፦ መሣሪያ፣ ሰው፣ ሥጋ፣ አስካሪ መጠጥና መርዝ። ውርርድ ከአምስቱ የለበትም፤ ለዲጋጃኑ ሀብትን ከሚያፈሱ ነገሮች ጋር ግን ቁማርን ጠርቶለታል። አንቺ የምትቀበይው ብር ከየትኛው ወጣት ኪስ እንደሚወጣ ከመስኮቱ ጀርባ ሆነሽ ታያለሽ፤ እሱን ሳትሸሺ ማየት ካልቻልሽ አትግቢ። ለሦስት ወር የሚበቃ የቤተሰብ ድጋፍ ካለሽ አንቺ ብትተዪው እመርጣለሁ፤ በዚያ ጊዜ ትንሽ ሱቅም ቢሆን ሒሳቡን የምትይዥለት ድርጅት ፈልጊ፣ ሲቪሽ ላይ «ሒሳብ ያዥ» ተብሎ ይጻፋል። የቤት ኪራይ ካስጨነቀሽ ግን ያዢው፣ የመውጫሽን ወር ግን ዛሬውኑ ካላንደር ላይ ምልክት አድርጊበት። ከመፈረምሽ በፊትም የጥሬ ገንዘብ ጉድለት ሲገኝ ማን እንደሚከፍል፣ ተያዥ ስንት ብር እንደሚያስፈርሙ፣ ፈረቃው ሲለወጥ ሣጥኑ በሁለት ሰው ተቆጥሮ በፊርማ የሚተላለፍ መሆኑን ጠይቂ። በፊርማ የማይተላለፍ ከሆነ ደመወዙ የቱንም ያህል ቢሆን አትግቢበት።