ልጅ ይዞ ቤት ማደስ፦ ትወጪ ወይስ ትቀመጪ?

አብሽሪ እህቴ። የ4 ዓመትና የዓመት ከመንፈቅ ልጆች ይዤ ቤት ላድስ ነው፣ ተከራይቼ ልውጣ ወይስ እዚያው ልሁን ብለሽ ነው የጠየቅሽው። እኛ ደሴ ሆጤ ያለችውን የጭቃ ቤታችንን በሲሚንቶ ስናስለስን አልወጣንም። የኪራዩን ብር ለሲሚንቶ አደረግነው። ልጆቼ ያኔ 5 እና 2 ዓመታቸው ነበር።

ሰው ሁሉ የሚያስፈራራሽ በአቧራውና በጫጫታው ነው። እሱን ትለምጅዋለሽ። እኔን ያንቀጠቀጠኝ ሠራተኛ ከወጣ በኋላ ያለው ሰዓት ነው። ቀን ቀን ሁሉም ይጠብቅልሻል፤ ግንበኛው ራሱ «እትዬ፣ ልጁን ያዙልኝ» ይላል። 11 ሰዓት ላይ ዕቃቸውን ጥለው ሲሄዱ ግን ግቢው የልጆቹ ነው። አንድ ቀን ሽንኩርት እያቁላላሁ ትንሹ ዝም አለብኝ። የልጅ ዝምታ መቼም ታውቂዋለሽ። ወጣ ስል ብሎኬት ላይ ቆሞ፣ በርሜል ውስጥ የወደቀ ጣሳ ላውጣ ብሎ ተደፍቷል፤ እግሩ ብሎኬቱን ለቋል። በሹራቡ ጎትቼ አወጣሁት። ውኃው ግማሽ እንኳ አይሞላም ነበር።

ከዚያ ወዲህ የቀን ሒሳብ የምከፍለው ግቢውን አብረን ዞረን ካየን በኋላ ሆነ። በርሜሉ ተከድኖ ድንጋይ ይጫንበታል፣ መሰላሉ ይጋደማል፣ ሚስማር ይለቀማል። አጉረመረሙ፣ ግን ለመዱት። ቲነር (የቀለም ማቅጠኛ) በሃይላንድ ሲያስቀምጡ ካየሽ እዚያው ተጣዪ! ልጅ ውኃ ነው ብሎ ነው የሚያነሣው። አያድርገውና ከጠጣ ለማስመለስ አትሞክሪ፣ ሳንባ ውስጥ ይገባል፤ ይዘሽ ወደ ሐኪም ቤት ሩጪ። እርጥብ ሲሚንቶም ቆዳ ያቃጥላል፣ ቶሎ በብዙ ውኃ ማጠብ ነው። አሮጌ የዘይት ቀለም ካለ ሊድ (እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት) ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ አይፋቅ፤ እያረጠቡ ይፋቁት፣ ልጆቹም ያን ቀን ጎረቤት ይዋሉ።

ሌላው ወቅቱ ነው። እኛ ግንቦት ጀምረን «በ3 ሳምንት ያልቃል» የተባለው ሥራ ሐምሌ ገባ። በደሴ ክረምት ልስን አይደርቅም፤ ግድግዳው ሻገተ፣ ትልቋ ሌሊቱን ስትስል ማደር ጀመረች። መጨረሻ ላይ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ አያታቸው ጋ አደረስናቸው። እዚያ ሞቅ ይላል፣ መንገዱም 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ቅዳሜ ቅዳሜ እናያቸው ነበር። አንቺ ጥቅምትን ጠብቂ።

እዚያው ከቆየሽ አንዷን ክፍል ጨርሶ አታስነኪ። አልጋው፣ የልጆቹ ልብስ፣ ምግቡ እዚያ ይግባ፤ በሩ ሥር እርጥብ ጨርቅ አድርጊ። ሌላው አልቆ ደርቆ ስትገቢበት እሷን ታሠሪያለሽ። የለሳኙንም ሒሳብ በየክፍሉ ክፈይ እንጂ ቀብድ አታብዢ፤ የኛው ግማሹን ተቀብሎ 9 ቀን ጠፍቶብናል።

ክፍሎቹ ስንት ናቸው ግን? ያለሽ አንድ ክፍል ብቻ ከሆነ የኔን ተዪውና ኪራይ ፈልጊ።