ሮክፊሽ ለማጥመድ ወደ ጥልቁ ውኃ ለምትወጡ ወገኖቼ

በአሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ ከሳንዲያጎ እስከ ሲያትል ባሉት ከተሞች የምትኖሩና በዕረፍት ቀናችሁ ወደ ፓስፊክ ውቅያኖስ ወጥታችሁ ሮክፊሽ የተባለውን፣ በባሕር ወለል ዓለቶች አካባቢ የሚኖር ብዙ ዝርያ ያለው ዓሣ ለማጥመድ ያሰባችሁ ወገኖቼ፣ ዘንግና ክር ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር እንድትረዱልኝ አጥብቄ እፈልጋለሁ። ከጥልቅ ውኃ የወጣ ሮክፊሽ እንዲሁ ወደ ባሕሩ ቢወረወር በአብዛኛው አይተርፍም። ብዙዎቻችን የምናውቀው የሐይቅ ማጥመድ ነው፤ ጥልቀት ከሌለው ውኃ የወጣ ቆሮሶ ትንሽ ከሆነ ቶሎ ብለው ሲመልሱት ተወርውሮ ይሄዳል፣ የሚያጠምደውም ሰው አንዳች ጉዳት እንዳላደረሰ ይሰማዋል። ያንን ልማድ ይዞ ወደዚህ ባሕር መውጣት ግን ዓሣውንም ሕጉንም ይጎዳል።

ምክንያቱ በዓሣው አካል ውስጥ ያለው የአየር ከረጢት ነው። ሮክፊሽ በውኃው ውስጥ ሚዛኑን የሚጠብቀው በዚህ ከረጢት ሲሆን፣ ከረጢቱ ከጉሮሮው ጋር የሚያገናኝ ቧንቧ ስለሌለው ዓሣው አየሩን በአፉ ማስወጣት አይችልም። በ50 ፋቶም፣ ማለትም በ90 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ያለው ግፊት በባሕሩ ወለል ላይ ካለው አሥር እጥፍ ያህል ስለሆነ፣ ዓሣው በደቂቃዎች ውስጥ ተስቦ ሲወጣ በውስጡ ያለው አየር በዚያው ልክ ይለጠጣል። ዓይኖቹ ይጎለጎላሉ፣ ሆዱ ይነፋል፣ ጨጓራው ተገልብጦ በአፉ ይወጣል። በአፉ የሚታየውን ነገር የአየር ከረጢቱ እየመሰላቸው በመርፌ ወይም በቢላዋ የሚወጉ ሰዎች አሉ፤ ይህን ፈጽሞ አታድርጉ፣ የምትወጉት ጨጓራውን ነውና። እንዲህ የተነፋ ዓሣ ቢለቀቅም መጥለቅ ስለማይችል በውኃው ላይ ተንሳፍፎ ለወፍና ለባሕር አንበሳ ሲሳይ ይሆናል።

ደስ የሚለው ነገር፣ ይህን ጉዳት መቀልበስ የሚቻል መሆኑ ነው። ዓሣው ወደ ጥልቁ ሲመለስ ግፊቱ አየሩን መልሶ ይጨምቀዋል፣ ዓይኑም ጨጓራውም ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ፤ የሞተ የመሰለው ዓሣ ከታች ሲደርስ ነፍስ ዘርቶ ይዋኛል። ለዚህ የተሠራው መሣሪያ ዲሴንዲንግ ዲቫይስ (ዓሣን ወደ ጥልቁ ማውረጃ) ይባላል። አንዳንዱ የዓሣውን ከንፈር ቆንጥጦ ይዞ የተወሰነ ጥልቀት ላይ ሲደርስ በግፊቱ ኃይል ራሱ የሚከፈት መቆንጠጫ ነው፤ አንዳንዱ ክብደት የታሰረበትና ወደ ኋላ የሚይዝ እሾኽ የሌለው የተገለበጠ መንጠቆ ነው፤ ክብደትና ገመድ የታሰረበት በአፉ የተደፋ የፕላስቲክ ሳጥንም ሥራውን ይሠራል። በአላስካ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ማንኛውም ለመዝናኛ የሚያጠምድ ጀልባ ይህን መሣሪያ የመያዝ ግዴታ ያለበት ሲሆን፣ የማይወሰደው ሮክፊሽም ወደተያዘበት ጥልቀት ወይም ቢያንስ ወደ 100 ጫማ ወርዶ መለቀቅ አለበት። ኦሪገንና ዋሽንግተንም መሣሪያው በጀልባ ላይ እንዲኖር ያስገድዳሉ። እኔ ግን ሕግ ስላስገደደ ብቻ ሳይሆን ያለ እሱ ወደ ጥልቅ ውኃ መውጣት ተገቢ ስላልሆነ ያዙት እላለሁ። በቦርሳ ውስጥ ተጠቅልሎ መቀመጡም አይበቃም። በሌላ ዘንግ ላይ ታስሮ፣ ክብደቱ ተንጠልጥሎ፣ የመጀመሪያው መንጠቆ ከመውረዱ በፊት ዝግጁ መሆን አለበት፤ ዓሣው በሁለት ደቂቃ ውስጥ ወደ ታች ከተመለሰ የመትረፍ ዕድሉ በእጅጉ ከፍ ይላልና።

ስለ አንድ ዓሣ ይህን ያህል መጨነቅ ለምን ያስፈልጋል የሚል ካለ፣ የእነዚህን ዓሦች ዕድሜ ይመልከት። የሎውአይ የሚባለው ቀይ ሮክፊሽ ከ100 ዓመት በላይ ይኖራል፤ ራፍአይ የተባለው ዘመዱ ደግሞ እስከ 200 ዓመት ገደማ እንደሚደርስ ተመዝግቧል። የሎውአይ ለመራባት ብዙውን ጊዜ ከ15 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ሮክፊሽ ዕንቁላሉን ውጭ የሚጥል ሳይሆን ሕይወት ያላቸው ጫጩቶችን የሚወልድ ነው፤ ትልቅና ያረጀች የሎውአይ በአንድ ወቅት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ልትወልድ ትችላለች፤ ከእነዚያ ውስጥ አድገው ለመራባት የሚበቁት ግን እጅግ ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ አንዲት አሮጊት ዓሣ ከንቱ ስትሞት የምትተካው በአሥርት ዓመታት ነው። ይህ በተግባርም ታይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የአሜሪካ መንግሥት በምዕራቡ ጠረፍ ያለውን የባሕር ወለል ዓሣ ሀብት በአደጋ ላይ ያለ ብሎ እስከ ማወጅ ደረሰ፣ ከዚያም ሰፋፊ የባሕር ክልሎች ለዓመታት ተዘጉ። ከሮክፊሽ ዝርያዎች ካናሪ በ2015፣ ቦካቺዮ በ2017፣ ካውኮድ በ2019 አገገሙ ተባለ። ዛሬ እንደገና በጥልቅ ውኃ ማጥመድ የቻልነው ሌሎች ስለታገሡ ነው፤ የሎውአይ ግን ገና በማገገም ላይ ነው።

ከዚህ የተነሣ ደንቡ ጥብቅ ነው፣ ቶሎ ቶሎም ይለዋወጣል። በካሊፎርኒያ በአንድ ዘንግና ከሁለት ባልበለጠ መንጠቆ ብቻ ይጠመዳል፤ አንድ ሰው በቀን የሚወስደው ሮክፊሽ ካቤዞንና ግሪንሊንግ የተባሉትን ሌሎች የባሕር ወለል ዓሦች ጨምሮ በድምሩ ከ10 አይበልጥም፤ ለአንዳንድ ዝርያዎች ደግሞ ከዚያ ያነሰ ገደብ አለ። የሎውአይ፣ ካውኮድና ብሮንዝስፖትድ አይወሰዱም፤ በ2023 ኩዊልባክም ተጨምሮ ነበር። በፋቶም የተለካው የጥልቀት መስመር ከወር ወደ ወር፣ ከአካባቢ ወደ አካባቢ ስለሚለያይ፣ ባለፈው ዓመት የነገራችሁን ወዳጅ አትመኑ፤ በመውጫችሁ ዋዜማ የክልሉን የዓሣና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ገጽ ራሳችሁ አንብቡ። የሲያትል ነዋሪዎች ደግሞ በፒዩጀት ሳውንድ የባሕር ሰርጥ ውስጥ ሮክፊሽ መውሰድ የተከለከለ መሆኑንና ከ120 ጫማ በላይ በጠለቀ ውኃ የባሕር ወለል ዓሣ ማጥመድ እንደማይፈቀድ እወቁ፤ ለዚህ ዓሣ ወደ ክፍቱ ውቅያኖስ መሄድ ግድ ነው። የማጥመድ ፈቃድ ለማውጣት ዜግነት አይጠየቅም፤ የነዋሪነት ጊዜ የሚወስነው ዋጋውን ነው። ስለዚህ ያለ ፈቃድ ለመውጣት ምንም ምክንያት የለም፤ በተለይ የመኖሪያ ወረቀቱ ያላለቀለት ወንድም ወይም እኅት ለአንድ ቀን ዓሣ ሲል ከሕግ ጋር መጋጨት የለበትም።

ዝርያውን መለየት ከሁሉ ይከብዳል፣ ምክንያቱም ቀይ የሆነው ሁሉ አንድ ይመስላል። አዋቂ የሎውአይ ዓይኑ ደማቅ ቢጫ ነው፣ ከዓይኑ በላይም እንደ ሞረድ የሚሻክር አጥንት አለው፤ ወጣቱ ደግሞ በጎኑ ላይ ነጫጭ መስመሮች ይታዩበታል። ካናሪ ብርቱካናማው ቆዳው ከግራጫ ጋር የተቀላቀለ ሲሆን ቨርሚሊየን ከሚባለው የሚለየው የታችኛው መንጋጋው በጣት ሲዳሰስ ለስላሳ በመሆኑ ነው፤ የቨርሚሊየን ይሻክራል። ሥዕሎቹን በስልካችሁ ይዛችሁ ውጡ፣ በባሕር መካከል ኔትወርክ አይጠበቅምና። ምን እንደሆነ እርግጠኛ ያልሆናችሁበትን ዓሣ አትውሰዱ፤ ወደ ጥልቁ መልሱት።

ለጀማሪ የራስን ትንሽ ጀልባ ይዞ ከመውጣት ይልቅ ሰው ሰብስቦ በሚወጣ የማጥመጃ መርከብ ላይ ቦታ መግዛት ይሻላል። ካፒቴኑ ቦታውንና ደንቡን ያውቃል፣ ረዳቶቹም ዝርያውን ይለዩላችኋል። ፓስፊክ በበጋም ቀዝቃዛ ነው፤ ልብስ ደርቡ፣ የባሕር ሕመም መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነም ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ጠይቃችሁ ከመሳፈራችሁ በፊት ውሰዱ። የተገመደው ቀጭን ክር ከናይለኑ ይመረጣል፤ ስለማይለጠጥ ከ90 ሜትር በታች የሚነክሰው ዓሣ በእጃችሁ ላይ ይሰማል። ክሩን ወደ ታች የሚያወርደው የእርሳስ ክብደት እንደ ጥልቀቱና እንደ ማዕበሉ ከግማሽ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ ሊደርስ ይችላል። ወለሉን ሲነካ ሁለት ሦስት ዙር ወደ ላይ ጠምዝዙት፣ አለዚያ ዓለቱ መንጠቆውን ይዞ ያስቀረዋል። የጀርባው እሾኾች መርዝነት ስላላቸው ዓሣውን በከንፈሩ ያዙ፤ የተወጋ ሰው ቦታውን መታገሥ በሚችለው ሙቅ ውኃ ውስጥ ቢነክር ሕመሙ ይቀልለታል። የምትወስዱትን ወዲያው አርዳችሁ ደሙን አፍስሱና በረዶ ውስጥ ክተቱት።

ሌላው በጣም የሚያሳስበኝ፣ ትልቅ እስኪመጣ ትንሹን እየመለሱ የማጥመድ ልማድ ነው። መሣሪያው ብዙዎቹን ያተርፋል እንጂ ሁሉንም አያተርፍም፤ ስለዚህ ሕጋዊ የሆነውን በወጣበት ቅደም ተከተል ውሰዱ፣ የተፈቀደላችሁ ቁጥር ሲሞላም ዘንጉን አስቀምጡ። የተከለከለው ዝርያ በአንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ ከወጣ፣ እየመለሱ ከመቀጠል ይልቅ ካፒቴኑን ሌላ ቦታ እንዲሞክር በአክብሮት ጠይቁት፤ በራሳችሁ ጀልባ ከሆናችሁ ደግሞ ክሩን ሰብስባችሁ ከዚያ ዓለት ራቁ።