«ስንት ኪሎ ሜትር ያያል?» ብላችሁ ለምትጠይቁ

ውድ ወጣቶች፦

በቅርቡ እዚህ ጎንደር አንድ የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ የአንድ የሙቀት ካሜራ (በብርሃን ፋንታ ነገሮች የሚለቁትን ሙቀት የሚያይ ካሜራ) መግለጫ ይዞ መጣና፣ «ጋሼ፣ ይኼ ዕቃ ሰውን ስንት ኪሎ ሜትር ላይ ያያል?» አለኝ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ እኔን ግን ለዓመታት ሲከነክነኝ የኖረ ነገር ቀሰቀሰብኝና ይህን ለመጻፍ ተነሣሁ። ሒሳብና ፊዚክስ አጥኑ የሚለውን አልደግመውም፤ ታውቁታላችሁ።

በወጣትነቴ እሠራበት በነበረው መሥሪያ ቤት የወታደራዊ ቅኝት ዕቃዎችን እጠግን ነበር። አንድ አቅራቢ ያመጣውን የሙቀት ካሜራ እንዲፈትን ከተመደበው ቡድን ጋር ከከተማው ወጣ ብለን፣ ደንቢያን ቁልቁል ወደሚያሳይ ኮረብታ ወጣን። ወሩ ጥር ነው፤ ሰማዩ ጠርቷል፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት አልፏል። የካሜራው ማቀዝቀዣ እያጉረመረመ ጨረር ተቀባዩን ሴንሰር ከዜሮ በታች ወደ 200 ዲግሪ ገደማ እስኪያወርደው ጋቢያችንን ተከናንበን ጠበቅን። ምስሉ ሲመጣ ሁሉም ተደነቀ። በምስሉ ሞቃቱ ነጭ፣ ቀዝቃዛው ጥቁር ሆኖ ስለሚወጣ፣ አዝመራው በተነሣለት ሜዳ ላይ ከብቱ ነጭ፣ መንገደኛውም ነጭ ሆኖ ፍንትው ብሎ ታየ። እኔን የሳበኝ ግን የቤቶቹ ጣሪያ ነበር። አዲሱ ቆርቆሮ ቀዝቃዛውን የሌሊት ሰማይ ስለሚያንጸባርቅ እንደ ከሰል ጠቁሯል፤ የዛገው ግን የራሱን ሙቀት ስለሚለቅ ግራጫ ሆኗል። ሁለቱም በእጅ ቢዳሰሱ እኩል ይቀዘቅዛሉ።

እዚያው ቆሜ፣ ፈተናው አንድ ጊዜ ንጋት ላይ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በሚያዝያ ቀትር ቆላ ወርደን እንዲደገም ጠየቅሁ። ሰብሳቢው «ያየኸው አልበቃህም?» አሉኝ። ሰዎቹም ሳቁ፤ ዕቃውም ተገዛ።

ጥያቄዬ ለክርክር ያህል የቀረበ አልነበረም። የሰው ቆዳና ልብስ በዓይናችን ልናየው የማንችለውን ጨረር ይለቃል፤ ጨረሩም የሚበረታው በ9.5 ማይክሮ ሜትር (ማይክሮ ሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) የሞገድ ርዝመት አካባቢ ነው፤ ዓይናችን ግን የሚያየው በግምት ከ0.4 እስከ 0.7 ያለውን ብቻ ነው። በጥር ሌሊት መሬቱ ስለሚቀዘቅዝ ሰው በላዩ ላይ ያበራል። በመተማ በኩል በሚያዝያ ቀትር ግን መሬቱ ከሰው ገላ ይበልጥ ይግላል፤ ያን ጊዜ ሰውየው በነጭ ፋንታ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ከዚያ በፊት ደግሞ፣ መሬቱ እየሞቀ ሲሄድ የሁለቱ ሙቀት የሚስተካከልበት ጊዜ አለ፤ በዚያ ጊዜ ካሜራው ምንም ሳይበላሽ ሰውየው ከምስሉ ይጠፋል። ድንጋዩና ቁጥቋጦውም ማለዳና ማታ እንዲሁ እርስ በርስ ይመሳሰላሉ። የማይመስለው ካለ የሙቀት ካሜራ ይዞ በምሽት ወደ ፋሲል ግቢ ብቅ ይበል፤ ግንቡ ቀን የጠጣውን ፀሐይ እያመሸ ሲተፋ ያያል።

የፈራሁት ደረሰ። ካሜራው ቆላ ወርዶ ብዙም ሳይቆይ «ረፋድ ላይ ይታወራል» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ወደ እኔ ተመለሰ። የጥገና ክፍላችን ቀዝቃዛ ስለነበር እጄን ከፊቱ ስዘረጋ ጣቶቼ አንድ በአንድ ተቆጠሩ። በቅጹ ላይ «ብልሽት አልተገኘም» የሚል ሣጥን ነበር፤ ለምን እንደታወረ የሚገለጽበት ቦታ ግን አልነበረም። ማብራሪያውን በተለየ ወረቀት ጽፌ አያያዝሁት። የላይኞቹ ያነበቡት ሣጥኑን ብቻ ኖሮ፣ ካሜራውን ይዞ የነበረው ወጣት ወታደር በአያያዝ ጉድለት ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት። ደጋግሜ ብጽፍም ማስጠንቀቂያው አልተነሣለትም። ልጁ ያየውን በትክክል የዘገበ ሰው ነበር፤ ዛሬም ድረስ የሚቆጨኝ ይህ ነው።

ወደ ኪሎ ሜትሩ ስመለስ፣ በመግለጫ ላይ በደማቁ የሚታተመው ርቀት አብዛኛውን ጊዜ «አንድ ነገር አለ» ለማለት የሚበቃው ነው። ጆን ጆንሰን የተባለ የአሜሪካ ጦር ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1958 ባቀረበው መለኪያ መሠረት፣ ነገሩ መኖሩን ለማየት በጠባቡ ጎኑ ላይ 2 ያህል ፒክሰል (ምስሉ የሚገነባበት ነጥብ) ይበቃል፤ ዓይነቱን ለማወቅ 8፣ በእርግጠኝነት ለመለየት ደግሞ ወደ 13 ያስፈልጋል፤ ያም ሆኖ የመሳካቱ ዕድል 50 በመቶ ነው። እስቲ አስሉት፦ ፒክሰሉ በሴንሰሩ ላይ 15 ማይክሮ ሜትር፣ የሌንሱ የትኩረት ርዝመት 100 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ በ2 ኪሎ ሜትር ላይ አንድ ፒክሰል 30 ሴንቲ ሜትር ይሸፍናል። 1.8 ሜትር የሚረዝም ሰው ቁመቱ 6 ፒክሰል፣ ወርዱ 2 እንኳ የማይሞላ ጭረት ይሆናል ማለት ነው። በዚያ ጭረት ላይ የያዘው ዱላ ይሁን ጠመንጃ ማን ይናገራል?

የዛሬ ልጆች በስሌት ከእኛ እጅግ ትበልጣላችሁ፤ ግን ከስክሪን ፊት አትነሡም። ውጭ ወጥታችሁ ድንጋዩን በእጃችሁ ዳስሱት፤ የሻጭ ቁጥርም አትመኑ። ከላይ ቁጥር ስደረድርላችሁ ቆይቼ ይህን ማለቴ እንደሚያስቃችሁ አውቃለሁ፤ ራሳችሁ ያሰላችሁት ቁጥር ግን ሌላ ነው።

መቼም ውጭ መውጣትን ካነሣሁ፣ አንድ የጥበቃ ባልደረባችን ካሜራውን ከዝናብ ልከልል ብሎ ከፊት ለፊቱ የመስኮት መስታወት አቁሞ፣ በውጭው ፋንታ የራሱን መልክ በምስሉ ላይ ሲያይ ደንግጦ ነበር። ተራ መስታወት የሙቀቱን ጨረር አያሳልፍም፤ የካሜራው ሌንስ ጀርማኒየም ከተባለ ንጥረ ነገር የሚሠራውም ስለዚህ ነው። ስስ ጥቁር ፌስታል ግን ለዓይን ጨለማ ሆኖ ሳለ ለካሜራው ክፍት ነው።

አሁን ደግሞ «ሰው መሆኑን አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ይለየዋል» ስትሉ እሰማለሁ። በጥር ሌሊት ምስል ብቻ የሠለጠነ ሶፍትዌር በሚያዝያ ረፋድ ምን እንደሚል ሞክራችሁታል? ባይለይም እንኳ አንዱን መርጦ ይመልሳል፤ በወታደራዊ ቅኝት ደግሞ ያ ምርጫ የሰው ሕይወት ነው። በእኛ ጊዜ የቅኝት ቅጹ ላይ «ሰው»፣ «እንስሳ»፣ «ተሽከርካሪ» የሚሉ ሣጥኖች ነበሩ፤ «አልታወቀም» የሚል ግን አልነበረም። እናንተ በምትሠሩት ሶፍትዌር ላይ እሱም ይግባ፤ እሱን የመረጠ ወታደርም ማስጠንቀቂያ አይጻፍበት።